ጃርቷ እሾኋን የተከለችበት ምንጭ

ተረት ተረት! «የምንጭ እናት» በሉኝ።

ድሮ ድሮ፣ ዝናብ ቀጠሮ ማክበር በተወበት ዘመን፣ በአንድ ቆላ አገር አንዲት ምንጭ ነበረች። አንዲት ብቻ። ለዝንጀሮውም፣ ለሚዳቋዋም፣ ለጅቡም እሷው።

ጠባቂዋ እመት ጃርት ነበረች። አንድ ጠዋት ልትጠርጋት ጎንበስ ስትል ምንጯ በቀጭን ድምፅ ተናገረች።

«እመት ጃርት፣ እየከሳሁ ነው።»

«ምን ያህል?»

«እኔ ምኑን አውቄ! ለክተሽኝ ታውቂያለሽ?»

እመት ጃርት አፈረች። ጠርጋታለች እንጂ ለክታት አታውቅም። ከቀኝ ጎኗ አንድ እሾህ ነቀለች። አመማት። ውሃው ጠርዝ ላይ ተከለችው።

ጨረቃ ስትወለድ ውሃው ከእሾሁ ሸሽቶ ነበር። ሌላ ነቀለች፤ ተከለች። በሚቀጥለዋ ጨረቃም ሸሸ። ሌላ ነቀለች፤ ተከለች።

አያ ዝንጀሮ ከገደሉ ላይ ሳቀ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ውሃ በእሾህ ተወግቶ ይቆማል?»

«አይቆምም። መሄዱን ግን ይናገራል። ከዛሬ ጀምሮ ሁላችንም አንድ አንድ ጉንጭ እንቀንሳለን።»

ከዚያ ምንጯ አጠገብ ወደቆመው ሽማግሌ ዋርካ ሄደች።

«አባባ ዋርካ፣ ከድርቅ በኋላ ምን ይመጣል?»

«ጎርፍ ነዋ፣ ልጄ። ክው ያለ መሬት ውሃ አይውጥም። ያለፈው ጎርፍ ጭቃ የት እንደደረሰ ግንዴ ላይ እዪ።»

አየች። የጭቃው ጠባሳ ከከርከሮ ጀርባ በላይ ነበር። እሷም ምንጯን ከጠባሳው አስበልጣ በድንጋይ ማጠር ጀመረች። ከበላይዋም ጎርፍ የሚቀለብስ ቦይ ቆፈረች፤ መስመሩን በእሾኋ እያመለከተች። አንድ እሾህ። አንድ እርምጃ። አንድ እሾህ።

ቀኝ ጎኗ ተራቆተ።

«ምራቅ እንኳ አጥተን ጎርፍ የምትፈሪ!» አለ አያ ዝንጀሮ፣ ሆዱን ይዞ እየሳቀ።

አያ ጅቦ ግን አልሳቀም። ጥላ ሥር ተጋድሞ ጎኗን ያያል።

«እመት ጃርት፣ ሳስተሻል። እሾሁን ስትጨርሺ ጥሪኝ።»

ፈራች። ግንቡ አንድ ክንድ ቀርቶታል። ቀጠለች። በመጨረሻም በጠፍጣፋ ድንጋይ ከደነችው።

ዝናቡ መጣ። የሦስት ወሩን በሦስት ቀን አወረደው። ጎርፉ ፋንድያውን፣ ጥንቡን፣ ጭቃውን እየነዳ ወረደ። ገሚሱ በቦዩ ታጠፈ፤ ገሚሱ ግንቡን ገፋ፣ ገፋ፣ ከአፋፉ ሳይደርስ ቀረ።

አራተኛው ቀን ጠዋት አገሩ ሁሉ ውሃ ነበር፤ የሚጠጣ ግን አልነበረም። ከጎርፉ የጠጣው አያ ዝንጀሮ ሆዱን ይዞ መጣ። አሁን ሳቅ የለም።

እመት ጃርት ክዳኑን ገፋ አደረገችው። ውስጡ ሰማይ የሚታይበት ውሃ! ዝንጀሮው ጠጣ። ግንቡን ዳሰሰው።

ያኔ አያ ጅቦ በባዶው ጎኗ በኩል ብቅ አለ።

«ዝንጀሮ፣ ዞር በል።»

«አልዞርም።» ከተራቆተው ጎኗ ተጠግቶ ቆመ። «የዚህ ጎን እሾኋ እኔ ነኝ።»

«እኔም» አለች ሚዳቋ።

«እኔም» አለ ከርከሮ፣ ክራንቻውን እየሳለ።

ጅቡ የከርከሮውን ክራንቻ አየ። ውሃውን አየ። ምራቁን ሊውጥ ሞከረ፤ ምራቅ የለም።

«እሺ… ውሃስ አገኛለሁ?»

«ታገኛለህ» አለች እመት ጃርት። «ከሚዳቋ ኋላ ተሰለፍ። ደግሞ አንድ ጉንጭ ቀንስ።»

ከዚያ ወዲህ፣ ጨረቃ ስትወለድ ውሃው ጠርዝ ላይ የሚተከለው የአያ ዝንጀሮ በትር ነው። የእመት ጃርት እሾህም ቀስ በቀስ በቀለ።

ምንጭን ስትጎድል ያልለካ፣ ጎርፍ መሀል ቆሞ ይጠማል።

ተረቴን መልሱ፤ ጉሮሮዬን በጥሩ ውሃ አርሱ።