ሐጂ ሸረፈዲን በዒድ ቀን የቆረጡት አግዳሚ

ስሟን ባልጠራው የማትቀየም አንዲት የጥንት ከተማ ነበረች፤ እናንተም ስሟን አትጠይቁኝ። ዛሬ እንደ ሌላ ጊዜ ተረጋግቼ አላወራችሁም። ዓይኔ ከበሩ ላይ አልነቀል ብሏል። ሰው እየጠበቅኩ ነው፤ ምክንያቱን ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ። አንተ ከኋላ ያለኸው፣ ስልክህን አስቀምጥና ስማ።

በዚያች ከተማ ሐጂ ሸረፈዲን የሚባሉ ሽማግሌ አናጢ ነበሩ። ዕድሜያቸው ሰባን አልፏል፤ እጃቸው ግን አይንቀጠቀጥም። የከተማው ሰው ልጁን ሲድር አልጋውንና ቁምሳጥኑን ከሳቸው ሌላ ለማንም አያሠራም። «የሐጂ እጅ ነው» ከተባለ እንጨቱን የሚያንኳኳ፣ መገጣጠሚያውን የሚነቀንቅ የለም። እንዲህ ያለ ስም በአንድ ቀን አይገኝም፤ አርባ ዓመት ፈጅቶባቸዋል።

ጎረቤታቸው ጣሃ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ከወሩ አብዛኛውን ቀን መንገድ ላይ ነው። ሦስት ልጆች አሉት። የመጨረሻዋ ሂክማ አምስት ዓመቷ ነው፤ አባቷ በመጣ ቁጥር «አባ፣ ዥዋዥዌዬስ?» ትለዋለች። በዚያ ዓመት በረመዳን መጀመሪያ ላይ ጣሃ ወደ ሐጂ ሄደ።

«ሐጂ፣ ጓሮዬ ውስጥ ለልጆቹ ዥዋዥዌ ይሥሩልኝ። ለዒድ እመጣለሁ፤ የዚያኑ ቀን ከቀትሩ ከዙህር ሶላት በኋላ ደግሞ ጭኜ እሄዳለሁ። አንድ ጊዜ እንኳ ሲጫወቱ ልያቸው።»

«ኢንሻአላህ፣ ለዒድ ይደርሳል» አሉት።

ሐጂ ሠሩት። አራት የወይራ ቋሚ፣ ላዩ ላይ አንድ ረጅም የዋንዛ አግዳሚ፣ ከአግዳሚው በገመድ የሚወርዱ ሁለት መቀመጫዎች። ጣጣው የመጣው አግዳሚውን በመላጊያ ሲያለሰልሱት ነው። ገመዱ ከሚታሰርበት ቦታ አጠገብ አንድ ጣት የምታክል ስንጥቅ ብቅ አለች። መቼም አናጢ የሆነ ያውቀዋል፤ እንዲህ ያለ ስንጥቅ ቁምሳጥን ላይ ሲገኝ ኮላ ከሰጋቱራ ጋር ተለውሶ ይሞላል፣ ይላጋል፣ ቀለም ይቀባል፣ አለቀ። ነውር አይደለም፤ ገዢውም ያውቀዋል። የሐጂ እጅ አርባ ዓመት የለመደውን አደረገ። የዐስር ሶላት አዛን እያለ ስለነበር ቸኮሉ። በማግስቱ አረንጓዴ ቀለም ቀቡት። ቁምሳጥን ላይ ሰው እንደማይንጠለጠል ያን ሰዓት አልታሰባቸውም።

በዒዱ ዋዜማ ጠዋት ጓሮው ውስጥ ተከሉት። የቋሚዎቹን ጉድጓድ በድንጋይና በሲሚንቶ ሞልተው፣ «ሲሚንቶው ይያዝ፤ ነገ ከዒድ ሶላት መልስ እንጂ ዛሬ ማንም አይቀመጥበትም» አሉ። ልጆቹ ዙሪያውን ከበው ቁጭ አሉ። ሂክማ መቀመጫውን በመዳፏ እየዳበሰች፣ «ሐጂ፣ እስከ ሰማይ ይደርሳል?» አለቻቸው። ሐጂ ቀና ሲሉ ዓይናቸው ስንጥቋ በነበረችበት ቦታ ላይ ቀረ። ቁምሳጥን አለመሆኑ ያን ጊዜ ታሰባቸው።

ከዚያ ወዲያ እረፍት የለም። ዙህርን ሲሰግዱ ሦስት ረከዓ ይሁን አራት የሰገዱት ጠፋቸው፤ ለመርሳት ማካካሻ የሚሆነውን ሱጁድ ወረዱ። ዐስርም እንዲሁ። ዉዱእ አድርገው ታጠቡ፤ ደግመው ታጠቡ። ሚስታቸው «ምነው ሐጂ፣ ዛሬ ውኃው አልነካዎት አለ እንዴ?» ብለው ቢቀልዱባቸውም አልሳቁም። ወደ ጣሃ ቤት ሁለት ጊዜ ተነሱ፤ ሁለቴም ከበር ተመለሱ። ምን ይበሉት? «ለልጆችህ ስንጥቅ ሸፍኜ ሰቀልኩልህ» ይበሉት? የአርባ ዓመት ስም! ነፍሳቸው ደግሞ ታባብላቸዋለች፤ ስንጥቋ ትንሽ ናት፣ ዋንዛ አይከዳም፣ ልጆቹ ቀላል ናቸው፣ ደግሞስ ለዒድ ይደርሳል ብለህ ቃል ገብተህ የለ፣ ቃል ማፍረስ የሙናፊቅ፣ የአስመሳይ፣ ምልክት አይደለም እንዴ? አያችሁ ነፍስን! የፈራች ቀን ፈትዋ ሰጪ ሙፍቲ ትሆናለች።

በዒዱ ጠዋት ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው በታችኛው መንገድ፣ በጣሃ ደጃፍ በኩል፣ ተክቢራ እያሉ ወደ ሜዳው ወረዱ። ተሰገደ። ከኢማሙ ኹጥባ አንድም ቃል አልሰሙም። ሰዉ እየተቃቀፈ «ዒድ ሙባረክ» ሲባባል እሳቸው መንገድ ጀምረዋል። እንደምታውቁት፣ ለዒድ በአንድ መንገድ ሄዶ በሌላ መመለስ ሱና ነው። ሐጂም በላይኛው መንገድ ያዙ። በላይኛው መንገድ የጣሃ ቤት የለም።

መንገዱን ሲያጋምሱ እግራቸው ቆመ። «ሸረፈዲን፣» አሉ ለራሳቸው፣ «እውነት አሁን የሚመራህ ሱናው ነው?» ስንት ዒድ በደስታ የተመለሱበትን ሱና ዛሬ መደበቂያ ሊያደርጉት ነበር። አፈሩ። ሱቃቸው እዚያው አጠገብ ነው፤ ገብተው መጋዝ አነሱና በመጡበት ዞሩ። በዒድ ቀን፣ በነጭ ጀለቢያ፣ መጋዝ ይዞ የሚሮጥ ሽማግሌ! ያየ ሁሉ «ያ ሰላም! ሐጂን ምን ነካቸው?» አለ።

ጓሮው ሲደርሱ ሂክማ መቀመጫው ላይ ወጥታለች፤ ጣሃ ከኋላዋ ሆኖ ሊገፋት እጁን ዘርግቷል።

«ተው! ልጅቱን አውርዳት!»

ጣሃ ደንግጦ አወረዳት። ሐጂ እያለከለኩ ሁሉንም ነገሩት፤ ስንጥቋን፣ ኮላውን፣ ሰጋቱራውን፣ ቀለሙን። ጎረቤቶች በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው ይሰማሉ።

«ሐጂ፣» አለ ጣሃ፣ «ዛሬ ጠዋት እኔ ራሴ ተንጠልጥዬበታለሁ። ሲጥ አላለም። እባክዎ፣ ከዙህር በኋላ ሂያጅ ነኝ። ዛሬን ይተዉልኝ፤ ነገ ይቀይሩታል።»

«ባላውቅ ኖሮ እተውልህ ነበር። አሁን ግን አውቃለሁ። ኮላው ደርቆ ውስጡን ደፍኖታል፤ ካልተቆረጠ ጥልቀቱ አይታይም።»

ቢስሚላህ ብለው መሰላል ላይ ወጡ። መጋዙ ሲገዘግዝ ሂክማ ትጮኻለች፤ ሁለቱ ወንድሞቿ ድምፅ ሳያሰሙ ያለቅሳሉ። አግዳሚው ስንጥቋ ላይ ተቆረጠና ወደቀ።

ጣሃ ቁራጩን አንስቶ አየው። ስንጥቋ የጥፍር ያህል እንኳ አልገባችም። ከሥሯ ያለው እንጨት ድፍን ነው።

«ሐጂ፣ ይመልከቱ እንጂ!» ቁራጩን ወደሳቸው ዘረጋ። «ደህና እኮ ነበር! በሬ ቢሰቀልበት አይሰበርም ነበር! ዒዴን አበላሹብኝ።»

ከአጥሩ ወዲያ አንዱ «እርጅና ነው እንግዲህ» ሲል ተሰማ። ሐጂ «አፉ በለኝ» ብቻ አሉና ሌላ እንጨት ሊያመጡ ሄዱ።

ቀለም ቀረ፣ ማስዋብ ቀረ። ቤታቸው የዒድ ጠያቂ እየጠበቃቸው፣ ጀለቢያቸው ሰጋቱራ በሰጋቱራ ሆኖ ሠሩ። ጣሃ መጀመሪያ ቤት ገብቶ አኮረፈ። ኋላ ወጣና የአዲሱን አግዳሚ ሌላ ጫፍ ያዘላቸው። ዙህር ተሰገደ። ገመዱ ሳይታሰር የጣሃ ሰዓት ደረሰ።

መኪናውን አስነስቶ በመስኮቱ አንገቱን አወጣ። «ሐጂ፣ አልተቀየምኩዎትም። ግን ይንገሩኝ፤ እንጨቱ ደህና ከነበረ ይሄ ሁሉ ለምን ነበር?»

«እንጨቱስ ደህና ነበር፣ ልጄ» አሉ። «ደህና ያልነበርኩት እኔ ነኝ።»

ጣሃ ሄደ። ዳገቱን በዝግታ ወጥቶ ከሰፈሩ በላይ ሲታጠፍ መኪናውን አቆመ ይባላል። ገመዱ ታስሮ ኖሮ፣ ከታች፣ ከአጥሩ በላይ፣ የሂክማ ቀይ ሻሽ ብቅ ጥልቅ ይል ነበር። ጥሩምባውን ሁለቴ ነፍቶ መንገዱን ቀጠለ።

እኔ ይህን ታሪክ ሃያ ጊዜ አውርቼዋለሁ፤ ሁልጊዜ ለአናጢና ለነጋዴ ነበር የማወራው። ሌላውን መገሠጽ ደስ ይላል፣ ራስን አይነካማ! ሐጂ ያሉት ግን ይህ ነው፤ ስንጥቋ ጥልቅ ትሁን አትሁን ሳያውቁ ልጅ ሊያስቀምጡባት ነበር፤ አላህ ዘንድ የሚጠየቁት ስለዚያ ነው። እንጨቱ ደህና ሆኖ መገኘቱ የአላህ ራህመት ነው፤ የሳቸው እጅ የለበትም።

አሁን በሩን ለምን እንደማይ ልንገራችሁ። ባለፈው ጁምዓ ከሶላት ስወጣ አንድ ሰው እጄን ያዘኝ። በንዴት ለሚስቱ ስለተናገረው ቃል ጠየቀኝ፤ የጋብቻቸው ኒካሕ ጸንቷል ወይስ ፈርሷል? እየቸኮልኩ ነበር። መልሱንም በደንብ አላውቀውም። ግን ኡስታዝ አይደለሁ? ሰዉ ዙሪያዬን ቆሞ የለ? «አላውቅም» ማለት አቃተኝ። እኔም ኮላና ሰጋቱራ ለውሼ ሞላሁለት፤ ላዩን በዐረብኛ ቀባሁት። ሰውየው አመስግኖኝ ሄደ።

ምናልባት መልሴ ልክ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ግን መቀመጥ አቅቶኛል፤ በዚህ በር ይገባ ይሆን ብዬ ነው የማየው። ስሙን አላውቅም፤ አንድ ጥርሱ ወርቅ ነው፣ ቡኒ ኮት ለብሶ ነበር። የምታውቁት ካላችሁ «ኡስታዙ ሳያውቅ ነው የመለሰልህ» በሉት። ሳምንቱን ሁሉ በላይኛው መንገድ ስሄድ ከረምኩ፤ በቃኝ። ዱዓውን እናንተ አድርጉ፤ እኔ ልፈልገው ወጣሁ።