መሬትን የከሰሱት ባላምባራስ

በድሮ ዘመን፣ ልጆቼ፣ ሰው ሁሉ ሙግት በሚወድበት ዘመን፣ ባላምባራስ ወንዳፍራሽ የሚባሉ ኩሩ ሰው ነበሩ። ሽታዬ የምትባል፣ ከአንድ ቁራጭ ማሳ በቀር ምንም የሌላት፣ ብልህ መበለትም ነበረች።

ከዕለታት አንድ ቀን ባላምባራስ ከገበያ ሲመለሱ የሽታዬ ማሳ ላይ ከበቅሏቸው ወደቁ። ገበያተኛው ሳቀ። እሳቸው አቧራቸውን እያራገፉ፣ «በቅሎዬ አልጣለችኝም፤ የሳበችኝ ይህች መሬት ናት» አሉ። ወዲያው ዳኛ አስጠርተው መሬቷን ከሰሱ፤ ማሳው በካሳ እንዲሰጣቸውም ጠየቁ። ማሳው ከሄደ ሽታዬ ልጆቿን ምን ልታበላ ነው?

በዚያ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ ፍርድ እስኪያገኙ ድረስ በልብሳቸው ጫፍ ተቋጥረው ይቆራኙ ነበር። የዳኛው አሽከሮች የባላምባራስን ኩታ ከሽታዬ ነጠላ ጋር ሊቋጥሩ ሲሉ፣ የተከሰሰችው መሬቷ እንጂ እኔ አይደለሁም አለች። ዳኛው ጢማቸውን አሻሹና ልክ ነሽ አሉ። ካስማ ተተከለ፤ ባላምባራስም ከመሬት ጋር ተቆራኙ። ፀሐዩ አናት ይበሳል።

ሽታዬ ለዳኛው እጅ ነሳች። «ጌታዬ፣ መሬቴ ትስባለች፤ አልክድም። ፀሐይ እስክትጠልቅ ባላምባራስንም ንብረታቸውንም እንዳትስብ ይዘዙልኝ። ከዚያ ወዲያ እሳቸው ካሳ ካሉ፣ ማሳውን ይውሰዱ» አለች።

ባላምባራስ ደስ አላቸው። ዳኛውም አዘዙ።

ባላምባራስ ጠማቸው። አሽከራቸው ጠላ ሊቀዳላቸው ገምቦ ዘንበል ሲያደርግ ሽታዬ እጁን ያዘችው። ጠላ ከገምቦ ወደ ዋንጫ የሚወርደው መሬት ስትስበው ነው፤ ተከልክሏል አለች። ዳኛው ልክ ነሽ አሉ።

ከማዶ የባላምባራስ ገበሬዎች ገብስ ያዘራሉ። ሽታዬ እነሱንም አስቆመች። ገለባውን ነፋስ ይውሰደው፣ ፍሬውን ማን ወደ አውድማው ያወርደዋል ብላ ጠየቀች። ዳኛው አሁንም ልክ ነሽ አሉ።

ባላምባራስ መቆም ሰልችቷቸው ሊቀመጡ ጎንበስ አሉ።

«መቀመጥም ወደ መሬት መሳብ ነው፣ ጌታዬ» አለቻቸው ሽታዬ።

ዳኛው ልክ ነሽ ለማለት አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት ባላምባራስ፣ «ክሴን ትቻለሁ! መሬት ሆይ፣ እንደ ልማድሽ ሳቢኝ» ብለው ዘፍ አሉ። ዳኛውም ማሳውን ለሽታዬ አጸኑላት፤ ባላምባራስ ደግሞ በገዛ በሬዎቻቸው እንዲያሳርሱላት ፈረዱባቸው።

አያችሁ ልጆቼ፣ ከበቅሎ የሚጥለን ጉልበትና ዝናቡን ማሳችን ላይ የሚያወርደው ጉልበት አንድ ነው። መሬት ጌታና ሎሌ ሳትለይ ሁሉንም ትስባለች። ለገዛ ውድቀቱ መሬትን የሚከስ ሰው ቆሞ ይውላታል። ተረቴ እዚህ አረፈ፤ እናንተም በጤና እረፉ።