መጋል ላሜና የስንዱ ባዶ ደብተር

ኑ፣ ቁጭ በሉ፤ ተረት አለኝ። ከሩቅ አገር አልመጣም፤ ከቤቴ በላይ ካለው ከጥቁር ውሃ ሜዳ የወረደ ነው።

ልጄ ስንዱ አንድ ቁጥር ፈለገች። ከዜሮ ሌላ፣ አንድ ቁጥር ብቻ። ለዶክተርነት ትማራለች፤ ግን በሽተኛ አታይም። በየሳምንቱ በዚያው በአንድ መንገድ ሜዳውን ታቋርጣለች፤ ሣር በማስመሪያ ትለካለች፣ የአይጥ ጉድጓድ ትቆጥራለች፣ ቀይ ቀበሮ ትፈልጋለች፣ ያየችውን በደብተር ትጽፋለች። መንደርተኛው «የአይጥ ዶክተር» ይላታል። እሷ ትስቃለች፤ እኔ አልስቅም ነበር።

ለነገሩ የሚያስቅ አልነበረም። በኅዳር ወረዳው ስብሰባ አለው። ቀበሮ ካለ ሜዳው ተከልሎ ይኖራል፤ ከሌለ ለገብስ ይታረሳል። አንዴ ከታረሰ መመለሻ የለውም። የስንዱም የሦስት ዓመት ድካም አብሮ ይታረሳል።

በግንቦት ስንዱ ደብተሩን ከፈተች። ደብተሩ «ያላየሁትን አልጽፍም» አለ። ከወረዳ የመጣ አንድ ሰውዬ ሁለት ቀበሮ ብለሽ ጻፊ፣ ማን ይቆጥርብሻል ብሏት ነበር። ቆጣሪዋማ እኔ ነኝ አለችው። በሐሰት አትመስክሪ ብዬ ያሳደግኋት ልጅ ናት፤ ምን ልበላት? ደብተሩ አልጽፍ አለ፣ ልጄም ያለ ቁጥር ቀረች።

በማግስቱ በሶ ቋጥሬ ተከተልኳት። ቀበሮዋን ጠየቅን። ቀበሮዋ ከገደሉ ማዶ ሆና «አይጥ በሌለበት ሜዳ ምን ልበላ እመጣለሁ?» አለች። እውነቷን ነው፤ ጾም እንኳ መፍቻ አለው። ቀበሮዋ አልመጣ አለች፣ ደብተሩ አልጽፍ አለ፣ ልጄም ያለ ቁጥር ቀረች።

አይጧን ጠየቅን። «ሣሩ አጭር ነው፤ ጭልፊት ከላይ ያየኛል፤ በምን ተሸፍኜ ልውጣ?» አለች። አይጧ አልወጣ አለች፣ ቀበሮዋ አልመጣ አለች፣ ደብተሩ አልጽፍ አለ፣ ልጄም ያለ ቁጥር ቀረች።

ሣሩን ጠየቅን። ስንዱ ማስመሪያዋን አቆመች፤ ጣት እንኳ አይሞላም። «ቀና ባልኩ ቁጥር ከብት ይግጠኛል» አለ። ሣሩ አላድግ አለ፣ አይጧ አልወጣ አለች፣ ቀበሮዋ አልመጣ አለች፣ ደብተሩ አልጽፍ አለ፣ ልጄም ያለ ቁጥር ቀረች።

መንጋውን ጠየቅን። አርባ ከብት ነው፤ የመንደሩ ሁሉ። «እኛ ቃጭል ወዳለበት ነው የምንሄድ፤ ቃጭሉ ካልተነሣ አንነሣም» አለ። መንጋው አልነሣ አለ፣ ሣሩ አላድግ አለ፣ አይጧ አልወጣ አለች፣ ቀበሮዋ አልመጣ አለች፣ ደብተሩ አልጽፍ አለ፣ ልጄም ያለ ቁጥር ቀረች።

ባለቃጭሏ የማን ናት ብላት ስንዱ ፊቷን ወደ ገደሉ አዞረች። እኔም ፊደል ቆጥሬአለሁና ደብተሩን ከእጇ ወሰድኩ። በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። «የመንጋው መሪ፦ ባለቃጭል ላም። ባለቤት፦» ይላል። ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው። ይህን ጊዜ በጭጋጉ ውስጥ ቃጭሉ ጮኸ። ያን ድምፅ ከሺህ ቃጭል እለየዋለሁ። በገዛ እጄ ነዋ ያሰርኩት፤ በመጋል በላሜ አንገት።

«ይህን ለምን ባዶ ተውሽው?»

«እማዬ፣ እኔ የተማርኩት በእሷ ወተት ነው።»

ስንት ዓመት ሙሉ «የእኔ አንዲት ላም ምን ትበላለች?» ስል ኖሬአለሁ፤ ሠላሳ ዘጠኝ አስከትላ እንደምትሄድ ግን አላሰብኩም።

«ደብተርሽ ያላየውን አይጽፍም» አልኳት። «ያየውንስ ስለ ምን ይተዋል? ስሜን ጻፊ፤ አስካለ ወንድይራድ በይ።»

ጻፈች። እኔ ላሜን አላሰርኩ፣ መጋል አልሄድ አለች፣ መንጋው አልነሣ አለ፣ ሣሩ አላድግ አለ፣ አይጧ አልወጣ አለች፣ ቀበሮዋ አልመጣ አለች፣ ደብተሩ አልጽፍ አለ፣ ልጄም ያለ ቁጥር ቀረች።

በሰኔ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ስሜ ስመለስ ወደ ሜዳው ወጣሁና መጋልን እየሳብኩ ወረድኩ። መንጋው ተከተላት። አርባ ከብት መጥቶ ግቢዬን ሞላው። ሜዳውን ለከብት የሚከፍትና የሚዘጋው ዳኛ፣ ጋሽ ተክለወልድ፣ በትሩን ተደግፎ መጣና፣

«አስካለ፣ ድግስ አለብሽ እንዴ?» አለ።

የለብኝም፣ ሁላችሁም የየራሳችሁን ወስዳችሁ እንደ እኔ ደጃችሁ እሰሩ አልኩ። አንዷ ጎረቤቴ ምን አብልተን ብትለኝ፣ የእኔዋ አረም ትበላለች አልኳት። ሰው አጉረመረመ። ጋሽ ተክለወልድ ግን ሳቅ አለ። ከብት ከሜዳው አውጡ ባለ ቁጥር «መጀመሪያ ያስካለን አስወጣ» እያሉ አፉን ሲያስይዙት ነው የኖሩት፤ እኔ ብቻ አልሰማሁም። በዚያው ቀን ሽማግሌ ጠርቶ፣ አስምሎ፣ ሜዳውን ዘጋ።

ክረምቱ ረጅም ነበር። ከገብስ ማሳዬ አረም እየነቀልኩ በጀርባዬ ተሸከምኩ። ወተቷ ቀነሰ፤ እርጎ የለመደ ቤት በሽሮ ከረመ። መጋል ወደ ሜዳው አንገቷን አስግጋ እምቧ ትላለች፤ ገመዱን ግን አልፈታሁም። እመቤቴን የለመንኳት ጉልበት ብቻ ነው።

ኅዳር ሲገባ፣ በማለዳ፣ ከስንዱ ጋር ሜዳው ዳር ተቀመጥን። እኔ ላሜን አሰርኩ፣ መጋል ሄደች፣ መንጋው ተነሣ፣ ሣሩ አደገ፣ አይጧ ተሸፍና ወጣች፣ ቀበሮዋ ከገደሉ ማዶ መጣች። ከሣሩ መሐል ቀይ ጆሮ ብቅ አለ። ስንዱ ልትጽፍ ስትል እጇን ያዝኩ። ከእናቲቱ ኋላ ሦስት ግልገሎች እየተገፋፉ መጡ። ደብተሩም ጻፈ፤ አራት ብሎ ጻፈ።

በስብሰባው ላይ ያ የወረዳው ሰውዬ፣ ይህ አራት የሚባለው በርግጥ ታይቷል ወይስ ተጽፏል ሲል ጠየቀ። ስንዱ ልትመልስ አፏን ስትከፍት ጋሽ ተክለወልድ ቀደማት። ደብተሩን ወደ ግንቦት ገልጦ ስሜን በጣቱ አሳየው።

«የእናቷን ላም ያልሸሸገ ደብተር፣ በቀበሮ አይዋሽም» አለ።

ሜዳው ሳይታረስ ቀረ።

እኔ ተረቴን ጨረስኩ፤ እናንተ ደግሞ ወደ ቤታችሁ ስታልፉ ለመጋል አንድ እቅፍ አረም ጣሉላት።