የተጨፈረበት ሙሾ

በአንድ ወቅት፣ ዘፈን በካሴት ተጠቅልሎ እንደ ቅቤ በየገበያው በሚሸጥበት ዘመን፣ ልሳነወርቅ የሚባል ጋዜጠኛ በከተማ ይኖር ነበር። ሥራው ስለ ዘፈን መጻፍ ነው። ራሱ አይዘፍንም፣ ክራር አይመታም፣ ያፏጨ እንደሆነ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ጅራቱን ቆልፎ ይሸሻል። የሌላውን ዘፈን ቀምሶ ጨው አነሰው፣ ጨው በዛበት በማለት ግን የሚያህለው አልነበረም። ጋዜጣው በወጣ ቀን የከተማው ዘፋኝ ጉሮሮ ይዘጋል። አንዱ ማሲንቆ መቺማ ስለ ራሱ የተጻፈውን ሰምቶ የማሲንቆውን ጭራ ለፈረሱ መልሶ ሊሰጥ ቢሄድ፣ ፈረሱም አፍሮ አልቀበልም አለ አሉ።

አንድ ቀን ታዲያ አንዲት ዘፋኝ ሰው በሞላበት አዳራሽ ጠረጴዛው ድረስ መጣችና፣ «ጋሽ ልሳነወርቅ፣ ዕድሜ ልክዎን የሰው ወጥ ሲቀምሱ ኖሩ። እስቲ አንድ ቀን እንኳ ጉልቻ ጎልተው ያሳዩን» አለችው። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ልሳነወርቅ አብሮ ለመሳቅ ሞከረ፤ ሳቁ ግን ጥርሱ ላይ ደርሶ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ጋዜጣውን ተወ። ያለ የሌለውን ሸጦ ስቱዲዮ ከፈተና ከዛሬ ጀምሮ ግጥም ደራሲ፣ ዜማ ደራሲ፣ አሳታሚም እኔው ነኝ አለ። ሊጽፍ ተቀመጠ። ስለ ዓይን ጻፈ፣ ስለ ጥርስ ጻፈ፣ ስለ ሽንጥ ጻፈ። ልማዱ ነውና የጻፈውን ራሱ ቀምሶ ራሱ ተፋው። ክረምት ገብቶ ወጣ፤ ከዚያ ሁሉ ድካም አንዲት ስንኝ አልበቀለችም። ጢሙ ብቻ በቀለ፣ እስከ ጉልበቱ። በመጨረሻ ከአልጋው ሥር ሳጥን ጎተተና በጋዜጠኛነቱ ጊዜ ገጠር ለገጠር እየዞረ የቀዳቸውን የቴፕ ክሮች ማዳመጥ ጀመረ። ከነዚያ ክሮች በአንዱ የአትጠገብ ድምፅ ነበረበት።

አትጠገብ የሸንበቆ ውኃ አልቃሽ ናት። ሸንበቆ ውኃ ከወንዝ ዳር ያለ መንደር ነው። እሷ ሙሾ ያላወረደችለት ሰው ሞተ ተብሎ አይቆጠርም ነበር። አፏን ስትከፍት ቆፋሪው ዶማውን ይረሳል፤ ሟቹ ራሱ ምን ተብሎልኝ ይሆን ብሎ ሊነሳ ትንሽ ነው የሚቀረው። ከሙሾዎቿ ሁሉ የሚበልጠው ግን ለዳምጤ ያወረደችው ነው። ዳምጤ ከገበያ ሲመለስ ወንዙ ሞልቶ ደረሰ። ጥልቀቱን ልለካ ብሎ ልብሱን ማዶ አውልቆ ገባ፤ ወንዙም ይዞት ሄደ። ሚስቱ ይመኙሻል ወዲህ ቆማ፣ ልጇን ትሁኔን በጀርባዋ አዝላ፣ ሲሄድ አየችው። በለቅሶው ቀን አትጠገብ እንዲህ አለች፦

ተሻገር አላልሁህ፣ ወንዙ ሞልቶ ሳለ፣
ማዶ ቀርቷል ልብስህ፣ ጌታው ወዴት አለ?

የዚያን ቀን እንባ ወንዙን ዳግመኛ ሞላው ይላሉ። ተዝካሩ ሲያልፍ ይመኙሻል የአትጠገብን እጅ ይዛ፣ «እታታ፣ ይቺ ሙሾ ከዳምጤ ጋር ትቀበር። በሌላ ሰው ሬሳ ላይ እንዳልሰማት» አለቻት። አትጠገብ ማለች። ስንት ሬሳ ወጣ፣ ስንቱን አስለቀሰች፤ ያቺን ግን ጥርሷን ነክሳ ያዘቻት።

ልሳነወርቅ ገና ጋዜጠኛ ሳለ የድምፅ መቅጃውን አንግቶ ሸንበቆ ውኃ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። ስለ ሙሾ ልጻፍ አለ። አትጠገብ ሬሳ በሌለበት ቤት ሙሾ አይወጣም፣ ሞት መጥራት ነው ብላ መለሰችው። እሱም የዋዛ አልነበረም፤ እርስዎ ሲሞቱ ይህ ሁሉ አብሮ አፈር ሊገባ ነው እኮ አላት። ይቺ ነገር ልቧ ላይ ተቀመጠች። የሰው እርሻ ይታያል፣ የሰው ቤት ይታያል፣ የእሷ ሥራ ግን መቃብሩ ሲደፈን ይደፈናል። ተነሥታ በሯን ዘጋችና የዳምጤን ሙሾ አወረደችለት። የማን እንደሆነ፣ ሚስቱም ምን ብላ እንዳስማለቻት ሳትደብቅ ነገረችው። እሱም እንባው መቅጃው ላይ ተንጠባጠበ። ለጽሑፍ ብቻ ነው፣ አደራ አለችው። በእናቴ አላት።

አሁን እንግዲህ ጽሑፍ የለም፤ ስቱዲዮ ነው ያለው። ልሳነወርቅ ያንን ክር ሲሰማ ጸጉሩ ቆመ። ዜማውን ወሰደው። ከበሮ ጨመረበት፣ ኦርጋን ጨመረበት፣ አዝግሞ ይሄድ የነበረውን እንደ ፈረስ አስጋለበው። የመጀመሪያዋን ስንኝ እንዳለች ተዋት፤ ሁለተኛዋ ለጭፈራ አትመችምና ለወጣት፦

ተሻገር አላልሁህ፣ ወንዙ ሞልቶ ሳለ፣
ዋኝቶ የሚመጣ፣ እንዳንተ ማን አለ?

ለዚያችው በአዳራሽ ላሳቀችበት ዘፋኝ ሰጣት፤ እሷም አንጀት በሚበላ ድምፅ ዘፈነችው። በካሴቱ ልባስ ላይ ከዘፋኟ ስም በሚበልጥ ፊደል «ግጥምና ዜማ ልሳነወርቅ» ተብሎ ታተመ። ዘፈኑ አገር አጥለቀለቀ። አህያ ጭነቱን በምቱ እየረገጠ ገበያ ይገባ ጀመር፤ ዶሮዎች እንቁላላቸውን ትተው ትከሻቸውን ይሰብቁ ነበር። ከሳቁበትም ብዙዎቹ እጁን ሊጨብጡ ተሰለፉ።

በዚያው ዓመት ትሁኔ ተዳረች።

ዳሱ ተጥሎ፣ አማቾች ተቀምጠው፣ ቴፑ ተከፈተና ያ ዘፈን መጣ። ትሁኔ የአባቷን ሙሾ አታውቀውም፤ በጀርባ ታዝላ የሰማችው ነገር ነው። ዘላ መሐል ገባች። ትከሻዋ ሲመታ የዳሱ ቅጠል ረገፈ። ይመኙሻል የጠላ እንስራ ይዛ ከጓዳ ስትወጣ ዜማውን ሰማች፤ እንስራው ከእጇ ወደቀ። በጠላው ላይ እየረገጠች መጥታ ልጇ ፊት ቆመችና፣ «ዝጉት» አለች። ዓይኗን ከልጇ ፊት አልነቀለችም።

የባልየው እናት በነጠላዋ አፏን ሸፍና ወደ ጎረቤቷ አዘነበለች። ትሁኔ ይህን አየችና ፊቷ በርበሬ መሰለ። ሳቅ ብላ፣ «ተዉአት፣ እናቴ ዛሬ በደስታዋ ትንሽ ቀማምሳ ነው» አለች። ቴፑንም ከመጀመሪያው መልሱት አለች። ዳሱ ሳቀ። ይመኙሻል በሳቁ መሐል አልፋ ወጣች።

ከማግስቱ ጀምራ ደጇን ዘጋች። ለቅሶ አትደርስ፣ ቡና ብትጠራ አትመጣ፣ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ሰው ከተበተነ በኋላ ነው የምትሳለም። መንደሩ ከዓመታት በፊት የሰማውን ሙሾ በከበሮው ውስጥ አልለየውምና የመሰለውን አወራ፤ ልጇን ሰጥታ ከፍቷት ነው አለ። እውነቱን የምታውቅ አትጠገብ ብቻ ነበረች፤ እሷም እህል አልወርድ አላት።

በመጨረሻ አትጠገብ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። መጀመሪያ የትሁኔ አማቶች ቤት ሄዳ የጨፈርሽበት ዘፈን የአባትሽ ሙሾ ነው ብላ ነገረቻት። ትሁኔ ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ለመጀመሪያ ልጇ ወደ እናቷ ቤት ልትሄድ ጓዟን እየሸከፈች ነበር። በምን ፊቴ ብላ የሸከፈችውን ፈታችው። ከዚያ አትጠገብ አውቶቡስ ተሳፍራ ከተማ ወረደች፤ ሰው እየጠየቀች ስቱዲዮውን አገኘች። ልሳነወርቅ ሊያመሰግኑኝ መጡ ብሎ ወንበር ሳበላት። አልተቀመጠችም።

«የዳምጤ ልጅ ጨፈረችበት» አለችው። «እናቷ እያየች።»

ልሳነወርቅ ለእሷ በሳበው ወንበር ላይ ራሱ ተቀመጠ። በማግስቱ ሬዲዮ ጣቢያ ሄዶ፣ ግጥሙም ዜማውም የእኔ አይደለም፣ ከለቅሶ ቤት የወሰድሁት ነው ብሎ ለአገር ተናገረ። የድሮ ጋዜጣው ስለ እሱ በራሱ ቋንቋ ጻፈበት፤ ጨው በጨው አድርጎ። ከዚያን ቀን በኋላ ዘፋኝ አይቀርበው፣ ጋዜጣ አያስጠጋው፤ ስሙን ከደብዳቤ ሥር እንኳ ለመጻፍ እጁ ይፈራ ጀመር።

በዚያ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ከተበዳዩ ደጅ ያጎነብሳል። ተበዳይ ይቅር ካለ በገዛ እጁ ድንጋዩን ያወርድለታል። እስኪያወርድለት ድረስ መሬት ማስነካት ነውር ነው። የይመኙሻል ደጅ ግን አንድ ማለዳ አይቶ የማያውቀውን አየ፤ አንድ ደጅ፣ ሦስት ድንጋይ ተሸካሚ። ልሳነወርቅ ከተሜ ነውና መጠኑን ስለማያውቅ ጥጃ የሚያህል አለት ተሸክሟል፤ አንገቱ ደረቱ ውስጥ ገብቷል። አትጠገብ የወፍጮዋን መጅ ይዛለች። ትሁኔ አባቷ ከገባበት ወንዝ ያወጣችው፣ ውኃው ገና ከጀርባዋ የሚንጠባጠብ ድንጋይ ተሸክማ፣ በአንድ እጇ ሆዷን ደግፋለች።

ሽማግሌዎች ተጠሩ። አለቃቸው አያ መንገሻ ሦስቱን አይቶ ራሱን አከከ። ድንጋይ የሚሸከም ሰው ጠፍቶን ያውቃል እንጂ ተርፎን አያውቅም አለ። አጥፊው አንድ ነውና ሁለታችሁ አስቀምጡ ቢላቸው ማንም አላስቀመጠ። እንዲያውም ተጣሉ። አትጠገብ ልሳነወርቅን በጎን እያየች፣ «ይህን ተራራ ምን አሸከመህ ልጄ? እዚህም መጥተህ ልትበልጠን ነው?» አለችው።

ልሳነወርቅ መሬት መሬት እያየ፣ «እርስዎ ያለቀሱበትን እኔ አስጨፈርሁበት» አለ። «ሳላውቅ አይደለም። የማን እንደሆነ ነግረውኛል፣ በእናቴ ምዬአለሁ፣ ከዚያ ስሜን ጻፍሁበት። እነሱ ሳቱ፤ እኔ መረጥሁ።»

«እሱ መንገደኛ ነው» አለች አትጠገብ። «ለይመኙሻል እጇን ይዤ ቃል የገባሁት እኔ ነኝ። ሌላም አለ፤ ለማንም ያልተናገርሁት። ዳሱ ውስጥ ዜማዬን ስሰማ መጀመሪያ ደስ ነው ያለኝ። ሕዝብ ሁሉ በእኔ ዜማ ሲነሣ አየሁና አጨበጨብሁ። እንስራው ሲወድቅ ነው ዳምጤ ትዝ ያለኝ።» ይህን ብላ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ሳበች። ያቺ ለሰው ሁሉ ስታለቅስ የኖረች ሴት ለራሷ እንባ አጣች።

«ዘፈኑን አላውቀውም ነበር» አለች ትሁኔ። «የእናቴን ፊት ግን አውቀው ነበር።»

ደጁን የሞላው ሰው ተከፋፈለ። ገሚሱ ይቅርታ የሚያስፈልገው የባሰ ላጠፋው ነው፣ ቀላል ጥፋትማ ራሱም ይቀልላል አለ። ገሚሱ እያወቀ የበደለ ጥቂት ይሸከማታ አለ። አንዲት ባልቴት አትጠገብ ባትናገር ማን ያውቅ ነበር፣ ራሷን ያጋለጠች እሷ ናት አሉ። ሌላው ቀበል አድርጎ፣ ነፍሰ ጡር ድንጋይ ተሸክማ የሚከራከር መንደር ምን ዓይነት መንደር ነው ብሎ ጮኸ። አያ መንገሻ ነገሩ ሲረዝምበት፣ ለሦስቱም ይቅር በያቸውና ወደየቤታችን እንግባ ብሎ በዝግ በሩ ተጣራ።

በሩ ተከፈተ። ይመኙሻል ወጣች። ሦስቱንም አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ሦስቱም ቀና ብለው ሊያዩዋት አልቻሉም።

«አያ መንገሻ» አለች፣ «ሦስቱንም ይቅር ብያለሁ ማለት ለአፌ ቀላል ነው። ከሆዴ የሚወጣው ግን አንድ ነው፤ ፈልጌ ፈልጌ ያገኘሁት ያን ብቻ ነው። የቀረው ማስመሰል ይሆንብኛል። በእኔ ሐዘን ላይ እስካሁን የተደረገው ማስመሰል ደግሞ ይበቃል። ለማን እንደምሰጠው ግን ሆዴም አልነገረኝ።»

ይህን ብላ ወደ ፊት ተራመደች። እጇንም ዘረጋች። እጇ ልሳነወርቅ ጋ ደርሶ ተመለሰ፣ አትጠገብ ጋ ደርሶ ተመለሰ፣ የልጇን ጫንቃ ሊነካ ሲል ቆመ። ያላወረደችለት ሰው በዚያ ደጅ ሁለተኛ አይገባም። ልሳነወርቅ ከሆነ፣ ስሙን ይዞ የሚኖርበት አገር የለውም። አትጠገብ ከሆነች፣ ለቅሶ የሚጠራት አይኖርም፤ ስትሞትም የሚያለቅስላት የለም። ትሁኔ ከሆነች፣ ልጇን በባዕድ ቤት ትወልዳለች።

እጇ እስካሁን እንደተዘረጋ ነው። የልሳነወርቅ ድንጋይ ላይ ሣር በቅሎበት ፍየል ትግጠዋለች አሉ። ሽማግሌዎቹ እየተከራከሩ ጥርሳቸው አልቆ አሁን በድድ ነው የሚከራከሩት። እናንተ ግን ጥርስ አላችሁና ፍረዱ፦ እያወቀ በድሎ በአገር ፊት ስሙን ያዋረደው፣ ቃሏን በልታ እውነቱን ያወጣችው፣ ወይስ ሳታውቅ ጨፍራ እያወቀች እናቷን ያሳቀችባት፤ ይመኙሻል ድንጋዩን ከማን ጫንቃ ታውርድ?