ያልተደፈነችው ቀዳዳ

አንድ ንጉሥ ከጎረቤቱ ንጉሥ ጋር ዓይንና ናጫ ነበር። ሆኖም የሁለቱንም አገር መብራት፣ ውኃና ሆስፒታል የሚያንቀሳቅሱት ኮምፒውተሮች ከአንድ ነጋዴ የተገዙ ነበሩ። ነጋዴ ምን ቸገረው፣ ለሁለቱም ሸጠ።

የንጉሡን ኮምፒውተሮች የሚጠብቀው ማናዬ የሚባል ባለሙያ ነበር። አንድ ቀን በፕሮግራማቸው ውስጥ ማንም ያላያት ቀዳዳ አገኘ። በዚያች የገባ ሰው አንዲት ጥይት ሳይተኩስ አገር ማጨለም ይችላል። የማናዬ እናት ደግሞ ሆስፒታል ተኝታ በማሽን እየተረዳች ነበር የምትተነፍሰው። ሮጦ ቤተ መንግሥት ገባ።

«ንጉሥ ሆይ፣ ይፍቀዱልኝና ዛሬውኑ ልድፈናት።»

የንጉሡ ፊት በራ። «በእነሱም ማሽን ውስጥ ይህችው ቀዳዳ አለች?»

«አለች።»

«እንግዲያው እንዳትነካት! እኛ ከደፈንናት ወሬው በነጋዴው በኩል ደርሷቸው እነሱም ነቅተው ይደፍናሉ። በእሷ ገብተን እናንበረክካቸዋለን።»

«ቀድመው ቢያገኟትስ?»

«እነሱ እንዳንተ ያለ ሰው ከየት አባታቸው ያመጣሉ!» ብሎ ንጉሡ ሳቀ።

የንጉሥ ቃል አይመለስምና ማናዬ ቀዳዳዋን ሳይነካ ወደ ሥራው ተመለሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን መብራት ብልጭ ድርግም ባለ ቁጥር ወደ ሆስፒታሉ ይደውል ጀመር።

ሳምንት ሳይሞላ ትእዛዝ ወጣ። ማናዬ በቀዳዳዋ ገብቶ የጎረቤትን አገር አጨለመ፤ ቤተ መንግሥቱ በእልልታ ተናወጠ፤ «እንዳትነካት» የሚለው ትእዛዝም ሳይነሣ ቆየ። የጎረቤት ባለሙያዎች ግን የተመቱበትን ዱካ ተከትለው ቀዳዳዋን አገኟት። የራሳቸውን ደፈኑ፤ ከዚያ ፊታቸውን ወደ ንጉሡ አገር አዞሩ።

በሦስተኛው ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የንጉሡ ከተማ መብራት ድርግም አለ። ማናዬ ወደ ሆስፒታሉ በረረ። አንዲት ነርስ በእጅ የሚጨመቅ የአየር ከረጢት ይዛ እናቱን ታስተነፍሳለች።

«ጄኔሬተሩም እምቢ አለ፤ እሱንም የሚያስነሳው ኮምፒውተር ነው። ያዝልኝ፣ ወንድሜ፤ ሌሎችም አሉብኝ» ብላ ከረጢቱን ሰጥታው ሮጠች።

ወዲያው የንጉሡ መልእክተኛ እያለከለከ ደረሰ። «ንጉሡ ‹ቀዳዳዋን አሁኑኑ ድፈን› ብለዋል! ካንተ በቀር የሚያውቅ የለም!» ብሎ መልስ ሳይጠብቅ በመጣበት እግሩ ተመልሶ ሮጠ።

ማናዬ እጆቹን አየ። «ይህን ከለቀቅሁ እናቴ ትሞታለች» አለ ለራሱ። ካልለቀቀም አገሩ እንደጨለመ ይቀራል። እጆቹ ግን መጭመቃቸውን አላቆሙም።

አበው «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ይላሉ። ጠላትን ለማጥቃት ተብሎ ክፍት የተተወ በር የራስም በር ነው፤ የዘመኑ ጦርነት ድንበር አያቋርጥም፣ አውቀን በተውነው ቀዳዳ ይገባል። ለመሆኑ፣ ዛሬ ለጠላት ተብሎ ሳይደፈን በቀረው ቀዳዳ ሥር የተኛችው የማን እናት ናት?