አባቱን በመኪና ማንሻ ያነሳው ሰው

አንድ ሰው ነበረ። ወደ እሱ ከመግባቴ በፊት ግን አንድ ቃል ልስጣችሁ፤ ይህን ታሪክ እስከ መጨረሻው ከሰማችሁኝ ጊዜያችሁ በከንቱ አይሄድም። ነገሩ ስለ መኪና ማንሻ ነው። መኪና የሌላችሁም ብትሆኑ አትነሱ፤ ታሪኩን መጀመሪያ የነገርኳት ረድኤትም መኪና የላትም።

ረድኤት የሰፈሬ ልጅ ናት፤ ልብስ ሰፊ ናት። አንድ ቀን መጣችና እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ «አንድ ነጋዴ ሱቁን በሙሉ በእኔ እጅ ሊያደርግ ነው። የስፌት ማሽኖችሽን ሽጪና ነይ፣ እኔ ከፍ አደርግሻለሁ ይለኛል። አንተ ነገር መበርበር ትወዳለህ፤ ልሂድ ወይስ ልቅር?»

ሂጂም አላልኳት፣ ቅሪም አላልኳት። ቁጭ በይና ስሚ አልኳትና የሰውየውን ነገር ጀመርኩላት።

ይህ ሰው በግቢው ውስጥ ጋራዥ ሠርቶ የራሱንም የዘመዱንም መኪና ይጠግን ነበር። አባቱ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። ዕድሜያቸውን እኩሌታውን መሪ ላይ፣ እኩሌታውን ደግሞ ካርቶን አንጥፈው መኪና ሥር ተንጋለው ነው ያሳለፉት፤ ወገባቸውንም የጨረሰው ይኸው ነው። ልጅየውም በተራው ወገቡን መያዝ ጀመረ። ታዲያ አንድ ቀን «እንደ አባባ በጀርባዬ ተኝቼ አላረጅም፤ ማንሻ እገዛለሁ» ብሎ ተነሳ።

ሻጩ ሁለት ማንሻ አሳየው። ሁለቱም ባለ ሁለት ምሰሶ ናቸው፤ መኪናው በምሰሶዎቹ መካከል ይገባና ከየምሰሶው የሚወጡ ክንዶች ከሥር ደግፈውት ሽቅብ ይሄዳሉ። አንደኛው ረጅም ነው፣ ቀይ ቀለም የተቀባ፣ ጣት ሲነካው ብድግ የሚል። ሌላው አጠር ያለና ዘገምተኛ ነው፤ በጎኑ ላይ ደግሞ እንደ ውሃ ፓምፕ እጀታ ያለ ብረት ተንጠልጥሎበታል።

ሰውየው እጀታውን አየና ሳቀ። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ውሃ ልቀዳበት?»

«መብራት ሲሄድ በእጅ የሚገፋበት ነው» አለው ሻጩ።

«ወንድሜ፣ እኔ እጄ እንዲያርፍ ብዬ ብመጣ አንተ ሌላ ሥራ ልትሰጠኝ ነው?»

ይህን ብሎ ወደ ቀዩ ዞረ። ከዚያ በኋላ የጠየቀው ሁሉ ስለ መውጣት ነው። ስንት ኩንታል ያነሳል? እስከ የት ይደርሳል? ይፈጥናል ወይ? ስለ መውረድ አንድም ቃል አልወጣውም። ሻጭ ደግሞ ገዢ የወደደውን ዕቃ አይነቅፍም። ቀዩ ተጫነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ፤ ያለዚያ የሚመጣው አይገባም። እንዲህ ያለ ማንሻ መኪናውን የሚያወጣው ሞተሩ ዘይት እየገፋለት ነው። ላይ ከደረሰ በኋላ ግን ክብደቱ በዘይት ላይ አይተውም፤ ዘይት ሊሾልክ ይችላላ። በምሰሶዎቹ ውስጥ የብረት ጥርሶች አሉ። መኪናው ቀስ ብሎ ትንሽ ዝቅ ይልና በጥርሶቹ ላይ ያርፋል። ሰው ሥሩ ገብቶ መሥራት የሚችለው ያን ጊዜ ነው። መውረድ ሲፈለግስ? ጥርሱ ክብደት እንደ ተሸከመ አይለቅም። መኪናው መጀመሪያ ጥቂት ከፍ ይላል፣ ጥርሱ ይሳባል፣ ከዚያ ዘይቱ በእጅ በቀስታ ሲለቀቅ ይወርዳል። ገባችሁ? ለመውረድ መጀመሪያ መውጣት ግድ ነው፤ በዚያ በቀዩ ለመውጣት ደግሞ መብራት ግድ ነው።

ማንሻው ተተከለ። ሰውየው እሑድ ቀን በግ አርዶ ጎረቤቱን ጠራ፤ አዲስ ዕቃ ሳይመረቅ ሥራ አይጀመርበትም። በዚያ ሰፈር ደግሞ ሽማግሌ ሳይመርቅ እጁን ወደ ማዕድ የሚሰድ የለም። መራቂው አባቱ ናቸው። አባትየው የስኳር ሕመም አለባቸው። ምሳው ደርሷል ሲባሉ መርፌያቸውን ተወጉ። ከመርፌው በኋላ ሳይዘገዩ መብላት አለባቸው፤ ካልበሉ መድኃኒቱ ራሱ ይጥላቸዋል። መርቀው ወዲያው ሊቀመጡ ነበር።

ሰውየው ግን በደስታው ብዛት ሌላ ነገር አሰበ። «አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ መኪና ሥር ተኝተዋል» አለ ለእንግዶቹ። «ዛሬ ግን መኪና ውስጥ ተቀምጠው ከላይ ሆነው ይመርቁናል።»

ሚስቱ እጁን ያዘችው። «ተው፣ ሰው ተቀምጦበት አይነሳም።»

«አንድ ደቂቃ ናት» አላት።

አባትየው መጀመሪያ ተግደረደሩ። ኋላ ግን ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ማንሻው ላይ በቆመችው በልጃቸው አሮጌ ፒክአፕ ጋቢና ገቡ። መስኮቷ ከግማሽ በላይ አይወርድም። ልጅየው በሩን ዘጋባቸውና ጣቱን ከማንሻው ቁልፍ አስነካ። መኪናዋ ብድግ አለች። ሴቶቹ እልል አሉ። ላይ ደርሳ በጥርሶቹ ላይ ስታርፍ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። አባትየው በመስኮቱ ወደ ታች እያዩ «ልጆቼ፣ ቤታችሁ ይሙላ፣ እጃችሁ ይባረክ» ማለት ሲጀምሩ አምፖሉ ጠፋ። ከሳሎን ይሰማ የነበረው ሙዚቃም አብሮ ቀጥ አለ።

«ይመጣል» አለ አንዱ።

«አባባ፣ ይቀጥሉ፤ ምርቃት መብራት አይፈልግም» አለ ሌላው። ሰው ሳቀ። ሰውየውም ሳቀ። ሁለት ሦስት ጊዜ ጣቱን አስነካ። ማንሻው ዝም አለ።

ሚስቱ ብቻ አልሳቀችም። መርፌውን አስታውሳለች። ወደ ጓዳ ሮጣ ማር በውሃ በጥብጣ መጣች፤ መሰላል አስደገፈችና ወጣች። በሩን ልትከፍተው ስትል ምሰሶው ጫፍ ላይ ጎልቶ ከወጣው ብረት ጋር ተጋጨና ከአንድ መዳፍ በላይ አልከፈት አለ። በወዲያ በኩል ያለው በርም ያው ነው፤ እዚያ ደግሞ ግድግዳው ቅርብ ስለሆነ መሰላል አያስቆምም። ብርጭቆውን በመስኮቱ አሾለከችላቸው።

«አባባ፣ ይቺን ፉት ይበሉ።»

«እንግዳ ቆሞ?» አሉ አባትየው። «እኔ እዚህ እንደ ጦጣ ተሰቅዬ ልጠጣ? ስወርድ።»

«መርፌውን ተወግተዋል እኮ።»

«አትጨቅጭቂኝ ብያለሁ።»

እንዲህ ባለ ድምፅ ተናግረዋት አያውቁም። ደነገጠች። ስኳር ከሰውነት ሲያልቅ ሰው ግልፍተኛ ይሆናል፤ የሚያድነውን ነገር ራሱ ይገፋል። ግንባራቸውን አየችው፤ ላብ በላብ ሆኗል። ብርጭቆውን እንደገና ስታቀርብላቸው በእጃቸው መቱት፤ ማሩ ምሰሶው ላይ ተደፋ።

ያን ጊዜ ሳቁ ቆመ። አንድ ጎረቤት ሮጦ ትንሿን ጀነሬተሩን አመጣ። ሰውየው ገመዱን ሰካ፣ ጣቱንም አስነካ። ማንሻው አንዴ አቃሰተ፤ ጀነሬተሯ ታፍና ጠፋች። እንደገና አስነሷት፤ እንደገና ጠፋች። ቴሌቪዥንና አምፖል ነበር ልማዷ፤ እንዲህ ያለ ሞተር አልቻለችም።

«አባባ» አለ ሰውየው ቀና ብሎ። «አባባ፣ ይሰሙኛል?»

መሰላሉ ላይ ያለችው ሚስቱ አንገቷን በመስኮቱ አስገባች። አባትየው ወደ መሪው በኩል ተዘርረዋል። እጇን ብትዘረጋ የጋቢውን ጫፍ እንጂ ፊታቸውን አልደረሰችበትም። ከኋላ ወጥተን መስታወቱን እንስበር ያሉ ነበሩ፤ ስብርባሪው በራሳቸው ላይ ነው የሚወርደው፣ ሰው ሲወጣባትም መኪናዋ ከክንዶቹ ብትንሸራተትስ ብላ ሚስቱ ከለከለች።

ሰውየው ከዚህ በላይ መቆም አልቻለም። ከመሣሪያ ሳጥኑ ትልቁን መዶሻ አነሳና ወደ ቀኙ ምሰሶ ሄደ። ጥርሱን መትቶ ሊያስለቅቅ ነው። ሚስቱ ከመሰላሉ ዘላ ወረደች፤ በመዶሻውና በምሰሶው መካከል ጀርባዋን ለብረቱ ሰጥታ ቆመች።

«ዞር በይ፤ አባቴ እያለቁብኝ ነው።»

«አንዱን ስትመታው አንዱ ይቀራል» አለችው። «መኪናዋ በአንድ ጎን ትወርዳለች። ምናቸውን ልታወርድ ነው?»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«አንተው ነህ የነገርከኝ። ጥርሱ የሚለቀው ትንሽ ከፍ ሲል ነው አላልክም? እንግዲያው ከፍ አድርጋት። መብራት ከሌለ በእጅ።»

መዶሻው አየር ላይ ቀረ። ሰውየው ለአፍታ አያትና መዶሻውን ወርውሮ ወደ እንግዶቹ ዞረ። «ክሪክ ያለው ማነው?»

ሚኒባስ የሚነዱ ሁለት ጎረቤቶች ወደ ደጅ ሮጡ፤ እያንዳንዳቸው ጎማ ሲቀየር መኪና የሚያነሱበትን ክሪካቸውን ይዘው ተመለሱ። ሌሎቹ ከአጥሩ ጥግ ወፋፍራም ጣውላ እያመጡ በሁለቱ ምሰሶዎች ሥር ቆለሉ፤ ክንዶቹ እስካሉበት ድረስ አንዱን ባንዱ ላይ አነባበሩት። በቁልሉ ጫፍ ክሪክ ተቀመጠ። በአንዱ በኩል ሰውየው ራሱ ገባ፤ በሌላው ከሚኒባስ ሾፌሮቹ አንዱ። ከራሳቸው በላይ መኪናዋ አለች፣ መኪናዋ ውስጥ ሽማግሌው። ሁለቱ ክሪኮች እኩል ካልሄዱ መጋደም አለ።

ሚስቱ መካከል ቆመች። «እኩል» አለች። «አሁን። አሁን። ቁም፣ ያንተ ቀደመ። አንተ ብቻ። በቃ። አሁን ሁለታችሁም።»

ጣውላው ጮኸ። ከላይ አንዲት ብናኝ ዝገት ወረደች፣ ከዚያ ሌላ። የግራው ጥርስ ላላ አለ፤ የቀኙ ግን ገና ነው። ሰውየው በሙሉ ክብደቱ የክሪኩን እጀታ ተጫነው።

«ክሪኩ ያዘ» አለ አንዱ በሹክሹክታ። «ለቀቀ። ሁለቱም ለቀቁ።»

ጥርሶቹን ሳቧቸው፤ እንዳይመለሱም ሰው ያዛቸው። ክሪኮቹ በቀስታ ሲለቁ መኪናዋ እንደገና በዘይቱ ላይ አረፈች። ጣውላው ተነሳ። ሰውየው ዘይት መልቀቂያውን በጣቱ ሲነካው መኪናዋ መውረድ ጀመረች፤ እንደ ወጣችበት ሳይሆን በዝግታ፣ ሰው ሁሉ በዓይኑ እየደገፋት።

ጎማዋ ሲሚንቶውን ሳይነካ በሩ ከዚያ ብረት አልፎ ከፈት የሚልበት ቦታ ላይ ስትደርስ ሚስቱ ተሽሎክልካ ገባች። ጭንቅላታቸውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ከጓዳ ካስመጣችው ማሰሮ ማር በጣቷ እየዛቀች ጉንጫቸውን ከውስጥ ቀባችው። ምንም የለም። እንደገና ቀባችው። ሰውየው በሩ ላይ ተንበርክኮ የአባቱን እግር ይዞ ነበር። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ጉሮሯቸው ተንቀሳቀሰ፤ ዋጡ። ቆይቶ ዓይናቸውን ገለጡና ልጃቸውን አዩት።

«ምርቃቱን የት አደረስኩት?» አሉ።

አንድም ሰው አልሳቀም።

ረድኤት እዚህ ስደርስ እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ ነበር። «እኔ የጠየቅኩህ ግን ስለ ሥራ ነው» አለችኝ። «ደግሞስ ከፍ ካልኩ በኋላ ለምን እወርዳለሁ?»

«ሰውየውም ያሰበው እንደዚያ ነው» አልኳት። «መቼ ልውረድ አለ? አባትየው ከላይ ሆነው ሊመርቁ ነው የወጡት፤ መውረድ የግድ የሆነው ማንም ሳያስበው ነው። አንቺም ነጋዴውን የጠየቅሽው ሁሉ ስለ መውጣት ነው፤ ምን ታደርገኛለህ፣ የት ታደርሰኛለህ። ክፉ ሰው ነው አላልኩሽም። ቀዩ ማንሻም ክፉ ዕቃ አልነበረም፤ እንደተባለው አነሳ። ግን የሚያነሳሽ ኃይል የእሱ ነው። ገበያው ቢጠፋ፣ ቢታመም፣ ወይ እንዲያው ልቡ ቢቀየር ያ ኃይል ይሄዳል፤ አንቺም ጥርሱ ላይ ተቀምጠሽ ትቀሪያለሽ። ቀስ ብለሽ እንድትወርጂ፣ ከዚያ መላቀቂያ የሚሆን የራስሽ ጥቂት አቅም ያስፈልግሻል። ነጋዴው ደግሞ ሽጪ ያለሽ ያንኑ አቅም ነው። ማሽኖችሽ ያቺ የተሳቀባት እጀታ ናቸው። በሰው ኃይል መውጣት ነውር የለበትም፤ በራስ እጅ መውረጃ ሳይዙ መውጣት ነው የሚያስፈራው።»

ረድኤት እጇን ከጉንጯ ላይ አነሳች። «እና ምን ልበለው?» አለችኝ።

«ነገ ሂጂና ሞክሪው። ማሽኖቼን ሳልሸጥ እጀምራለሁ በይው፤ ከዚያ አንቺ አትናገሪ፣ እሱ የሚለውን ስሚ። እሺ ካለሽ ግቢ። ከተቆጣ ግን መብራቱ ገና ሳይሄድ አወቅሽው ማለት ነው።»

እናንተም ሞክሩት። ለጋራዣችሁ ማንሻ የምትገዙ ከሆነ ስንት ኩንታል ያነሳል ብላችሁ አትጀምሩ። ሻጩ ባዶ መኪና እስከ ላይ ድረስ ያውጣላችሁ፣ በጥርሶቹ ላይም ያሳርፍላችሁ። ከዚያ ሄዳችሁ ሶኬቱን ንቀሉና «በል አውርደው» በሉት። እጃችሁን አጣጥፋችሁ ቁሙ፣ እሱ ሲሠራ እዩ። ሊያነሳችሁ የሚመጣውን ሰውም እንደዚሁ አድርጉት። ዛሬ ሂዱ፤ መብራት እያለ።