የሩቅያ ሰሐን ስንጥቅ

በሐረር ግንብ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ሙዚየም፣ ከጠርዙ እስከ መሐሉ የተሰነጠቀ አረንጓዴ የሸክላ ሰሐን በመስታወት ሣጥን ተቀምጧል። ጎብኚው ሁሉ «ምነው ባይጎዳ ኖሮ» ይላል። እኔ ይህን ስሰማ አላስችል ይለኛል፤ ባይሰነጠቅ ማን ዞር ብሎ ያየው ነበር?

ሽማግሌዎች እንደሚሉት፣ ሰሐኑ ከባሕር ማዶ በዘይላ ወደብ በኩል፣ በግመል ጀርባ፣ በገለባ ተጠቅልሎ የመጣ ነው። መርዝ ያለበት ምግብ ሲቀርብበት ይሰነጠቃል ተብሎ ስለሚታመን፣ የተጣሉ ሰዎች ሲታረቁ ማዕዱ የሚቀርበው በእሱ ነበር ይባላል። የሰሐኑ ባለቤት ሩቅያ የምትባል መበለት ነበረች። ወንድ ልጇ የሚኖርበት የላይኛው መንደርና ሴት ልጇን የዳረችበት የታችኛው መንደር በአትክልት ውሃ ተጣልተው፣ ልጇና አማቿ ሊጋደሉ ደርሰው ስለነበር፣ የዕርቁ ቀን ሲቆረጥ ደስታዋ ልክ አልነበረውም። እንግዶቹ ሲገቡ እየተጣደፈች ሰሐኑን ከግድግዳው አውርዳ፣ በእንስራ ሲቀዘቅዝ ባደረ ውሃ አለቅልቃ፣ የሚንተከተክ ገንፎ ገለበጠችበት። በሁለቱ ወገኖች መሐል ገና ከማስቀመጧ ሰሐኑ ጧ ብሎ ተሰነጠቀ።

ሁሉም ዘሎ ተነሣ፤ እጅ ሁሉ ወደ ጩቤ ሄደ።

«ልጅሽን ሰጥተሽን ስታበቂ መርዝ ታቀርቢልናለሽ?» አላት በጠቡ ከሁሉ ይበልጥ የተበደለው የአማቿ አባት ሐምዶኝ።

«በቀዝቃዛ ሰሐን ትኩስ ገንፎ የገለበጥኩ እኔ ነኝ» አለች፤ የሚያምናት ግን አልተገኘም።

ስለዚህ ተቀምጣ መብላት ጀመረች። ለአሥራ ሁለት ወንዶች የተሠራውን ገንፎ አንዲት ቀጭን ሴት፣ ምላሷ እየተቃጠለ፣ እንባዋ እየወረደ ስትውጥ፣ አሁን ወደቀች አሁን ወደቀች እያሉ ሲጠብቁ፣ እሷ መሐል ካለው ቅቤ ደረሰች። በመጨረሻ መዋጥ አቅቷት እጇ አየር ላይ ቀረ። ያን ጊዜ ሐምዶኝ ጩቤውን ወደ አፎቱ መልሶ አጠገቧ ተቀመጠ። መርዝ ቢኖርበት ሥራውን ለመጨረስ ገና ጊዜ ነበረው፤ እሱም ይህን እያወቀ እጁን ወደ ገንፎው ሰደደ።

«ለብቻሽ አትጨርሺውም» አላት።

ልጇና አማቿም ተከትለው በሉ። በኋላ ሰሐኑን በናስ ሽቦ ልስፋው ያለ ባለሙያ ቢመጣ፣ ሁለቱም መንደሮች እምቢ አሉ ይባላል። ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር ዕርቅ ሲሆን መጀመሪያ የምትጎርሰው ያበሰለችው ሴት ናት፤ ቀጥሎ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ የተበደለው ሰው ይጎርሳል።

አምና ከሣጥኑ አጠገብ ቆሜ ሳለሁ ሁለት ጎልማሳ ወንድማማቾች መጥተው፣ በሣጥኑ ግራና ቀኝ ተራርቀው ቆመው ስንጥቁን አዩት። ቀድሞ የተናገረው ታላቁ ነበር።

«ገንፎው ሳይቀዘቅዝ እንሂድ» አለው። «ከእናታችን ቀጥሎ የምትጎርሰው አንተ ነህ።»